መጣጥፉን በማን ቃል እንክፈት? ስለ መሀል አዲስ አበባ በጋራ ዊኪ ለሚጽፉ የመክፈቻ ጥቅስ ማነጻጸሪያ

በመጣጥፍ ራስ ላይ ብቻውን የሚቀመጥ ጥቅስ ከጸሐፊው ቀድሞ ይናገራል። አንባቢው ሕንፃው መቼ እንደተሠራ ወይም ሐውልቱ ለማን እንደቆመ ገና ሳያነብ አንድ ድምፅ ይሰማል፤ ቀጥሎ የሚመጣውንም በዚያ ድምፅ ቃና ያነበዋል። መጽሐፉ የአንድ ሰው ከሆነ ምርጫው የዚያ ሰው ነው። ብዙዎች በሚጽፉትና በሚያርሙት ዊኪ ላይ ግን ፒያሳን፣ አራት ኪሎን፣ ስድስት ኪሎን፣ ለገሃርን በተለያየ ዓይን የሚያዩ ሰዎች አንድ ገጽ ይጋራሉ። አንዱ የሚኮራበት ሐውልት ሌላውን ያስቆጣል፤ አንዱ ለዘፈን የሚያነሳው ሰፈር ለሌላው የኀዘን ቦታ ነው። በዚህ ገጽ ላይ የመጀመሪያውን ቃል ለማን እንደምንሰጥ በጥንቃቄ ማሰብ አለብን።

እኔ የምከተለው መለኪያ አንድ ነው። ስለዚያው ጉዳይ የተነገረ፣ ማን መቼ የት እንደተናገረው የሚታወቅ፣ ከሥሩ ያለው ጽሑፍም የሚያብራራው ቃል ከማንኛውም ውብ አባባል ይበልጣል። እንዲህ ያለ ካልተገኘ ገጹ ያለ ጥቅስ ይጀምር። ከዚህ በታች ያሉት ንጽጽሮች ሁሉ ይህን መለኪያ በየቦታው መሞከር ናቸው።

አስቀድሞ ግን ለዊኪፔዲያ ጸሐፊዎች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እዚያ መጣጥፍ በጥቅስ አይከፈትም፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ርዕሱ ምን እንደሆነ በቀጥታ መናገር አለበት። ለጥቅሶች የተለየ ቤት አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ዊኪኮት ምንጩ የተረጋገጠውን አባባል አጠራጣሪ ከሆነውና በስሕተት ለሰው ከተሰጠው ለይቶ ያስቀምጣል። ከመምረጣችሁ በፊት ያንን ገጽ ማየት ጊዜ ይቆጥባል። ይህ መመሪያ የራሳቸው ደንብ ላላቸው፣ የመክፈቻ ጥቅስን ለሚፈቅዱ የከተማና የታሪክ ዊኪዎች ነው።

ተረትና ምሳሌ ወይስ ቃል ግጥም?

ብዙ ሰው መጀመሪያ እጁ የሚሄደው ወደ ተረትና ምሳሌ ነው። አጭር ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ የደራሲ መብት ጥያቄ አያስነሳም፣ ለጆሮም ይጥማል። ችግሩ ለሁሉም የሚሆን መሆኑ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» በአፍሪካ አዳራሽ መጣጥፍ ላይ ይሠራል፤ በቁጠባ ማኅበርም፣ በእግር ኳስ ክለብም፣ በመንገድ ሥራ ዘመቻም ላይ ይሠራል። ለአራቱም እኩል የሚሠራ ቃል ስለ አንዳቸውም የተለየ ነገር አልነገረንም።

ከዚህ የባሰው በቃል መመሳሰል ብቻ መምረጥ ነው። ስለ ፍልውሃ የሚጻፍ ገጽ «ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው» ብሎ ቢጀምር አስቡት። ተረቱ የሚናገረው ሰውን እያባበለ ስለሚመጣ ጥፋት ነው። ፍልውሃ ደግሞ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው የሰፈሩበት፣ በ1879 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ መቆርቆር ምክንያት የሆነ ሙቅ ምንጭ ነው። ውሃ ከመባላቸው በቀር ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር የለም። ለዚህ ገጽ የተሻለው ፍለጋ የቦታውን ቀዳሚ ስም፣ ፊንፊኔን፣ በሚያነሱ የኦሮምኛ የቃል ግጥሞች ውስጥ ነው። እነርሱ ከተማው ከመቆርቆሩ በፊት በዚያ መስክ ይኖር የነበረውን ሕዝብ ድምፅ ይዘዋል። ግጥሙን በኦሮምኛው እንዳለ አስቀምጦ ትርጉሙን ከሥሩ መጻፍ፣ የተረጎመውንም ሰው መጥቀስ ይገባል። አንባቢው «አዲስ አበባ» የሚለውን ስም ከማግኘቱ በፊት «ፊንፊኔ»ን ካገኘ የታሪኩ ቅደም ተከተል ከጥቅሱ ይጀምራል።

ተረት በቦታው የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ ርዕሱ ራሱ የኑሮ ልማድ ሲሆን። ስለ እድር በሚጻፍ ገጽ ላይ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ከማንም ሊቅ ንግግር ይልቅ ትክክል ነው። እድርን ያቆመው ሕዝብ የተናገረው፣ ስለ መሸካከም የተነገረ ቃል ነውና።

ቃል ግጥም ከተረት ይልቅ ወደ ጉዳዩ ይጠጋል፤ ሰው ይጠራል፣ ጦርነት ይጠራል። «ገበየሁ ቢሞት ተተካ ባልቻ፤ መድፍ አገላባጭ ብቻ ለብቻ» የሚለውን ተመልከቱ። በሁለት ስንኝ የአድዋ ሁለት ጀግኖች፣ የአንዱ መውደቅና የሌላው ቦታውን መያዝ ገብተዋል። ስለ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ የሚጻፍ ገጽ በዚህ ቢከፈት አንባቢው ወዲያው «ገበየሁ ማን ነበር?» ብሎ ይጠይቃል፤ ገጹም ይመልስለታል። ይህ ጥያቄ መፍጠሩ ነው ጥቅሱን ጥሩ የሚያደርገው። ነገር ግን ያንኑ ግጥም በደጃዝማቹ ስም በሚጠራው ሆስፒታል ገጽ ላይ ማስቀመጥ ስሕተት ነው። ሆስፒታሉ በሶቪየት ቀይ መስቀል የተቋቋመ የሕክምና ቤት ነው፤ ስለ ሐኪሞቹ፣ ስለ ሕሙማኑና ስለ ተቋሙ የሚያነብ ሰው መድፍ አገላባጩ ምን ያደርግለታል? ጥቅሱ የሚስማማው ከስሙ ጋር ነው፤ ከጉዳዩ ጋር አይስማማም። በመሀል አዲስ አበባ ብዙ አደባባይ፣ ትምህርት ቤትና ጎዳና በታላላቅ ሰዎች ስም ስለሚጠራ ይህ ስሕተት ደጋግሞ ይመጣል።

የምኒልክ አደባባይ

በፒያሳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል አጠገብ ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ለንጽጽር ጥሩ ቦታ ነው፤ እጩዎቹ ብዙ ናቸውና። የመጀመሪያው «ምኒልክ ተወልዶ ባያነሳ ጋሻ፣ ግብሩ እንቁላል ነበር ይሄን ጊዜ አበሻ» የሚለው ዝነኛ ግጥም ነው። ሁለተኛው ንጉሠ ነገሥቱ በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ያስነገሩት የክተት አዋጅ ነው። ሦስተኛው በሐውልቱ ምረቃ ጊዜ ስለ ሐውልቱ የተጻፈ ዘገባ ነው።

ግጥሙ ኃይለኛ ነው፤ በጋራ ገጽ ራስ ላይ ግን ፍርድ ሰጥቶ ይጀምራል። ምኒልክን በተለያየ መንገድ የሚያስታውሱ ኢትዮጵያውያን እንዳሉ ሁላችን እናውቃለን። ግጥሙ በገጹ ውስጥ፣ ሕዝቡ አድዋን እንዴት እንደዘመረው በሚተረክበት ክፍል፣ ሙሉ ክብሩን ያገኛል፤ እዚያ የዘመኑ ሰዎች ድምፅ ይሆናል። በራስጌ ሲቆም ግን የዊኪው የራሱ ድምፅ ይመስላል።

አዋጁም ቢሆን ስለ ሐውልቱ አይናገርም፤ ስለ ዘመቻው ነው። ስለዚህ ለአድዋ ጦርነት ገጽና በ2016 ዓ.ም. በዚያው በፒያሳ ለተከፈተው የአድዋ ድል መታሰቢያ ይስማማል። ንጉሡ ሕዝቡን «ካሁን ቀደም የበደልኩህ አይመስለኝም» ብለው የሚማጸኑበት ቦታ ከፉከራ ሁሉ ይልቅ ልብ ይነካል፤ ገዢ ተገዢውን ሲለምን ያሰማልና። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአዋጁ ቃል በየመጽሐፉ ይለያያል። በአንዱ «ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ» የሚለው በሌላው «ጉልበት ያለህ ተከተለኝ» ሆኖ ይገኛል። ከሁለቱ የሚጥማችሁን አትምረጡ፤ ሁለቱን ደባልቃችሁም አዲስ አትሥሩ። አንዱን መጽሐፍ ያዙ፣ እንደተጻፈው ቅዱ፣ ከየትኛው እትም እንደወሰዳችሁ በምንጭ ማስታወሻ ላይ ጻፉ፣ ሌላውንም ንባብ በውይይት ገጹ ላይ አስታውሱ።

ለሐውልቱ ገጽ የማደላው ለሦስተኛው ነው። ሐውልቱ የተመረቀው በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ነው፤ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን አነሱት፤ ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። በምረቃው ጊዜ «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ከተጀመረ ዓመታት ሆኖት ነበር፤ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ «አዲስ ዘመን» መታተም ጀመረ። በእነዚህ ጋዜጦች ቅጾች ውስጥ ስለ ሐውልቱ መቆም ወይም መመለስ የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ማግኘት ቢደክምም ዋጋ አለው። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ወመዘክርና ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከፒያሳ ሩቅ አይደሉም። ሄዶ ማገላበጥ የሚችል ጸሐፊ፣ ከስልክ ላይ ለተለቀመ አባባል መገዛት የለበትም።

አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ፦ አንድ ቃል በሁለት አደባባይ

እንደ እኔ አስተያየት በከተማችን ካሉ ምርጫዎች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። አራት ኪሎ ላይ የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት አለ። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ከተማዋ የተመለሱት ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን ባደረጉት ንግግር ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አሳስበዋል። ለአራት ኪሎው ሐውልት ከዚህ የሚበልጥ መክፈቻ ማሰብ ያስቸግራል። ሐውልቱ በሚዘክረው ቀን፣ በዚያችው ከተማ፣ ስለዚያው ጉዳይ የተነገረ ነው። ደግሞም የድል ቀን ንግግር ሆኖ ሳለ ስለ በቀል መከልከል ይናገራል፤ አንባቢውን ያልጠበቀው ቦታ ያደርሰዋል።

አሁን ያንኑ ቃል ይዘን ሽቅብ ወደ ስድስት ኪሎ እንሂድ። እዚያ ያለው የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ባለበት፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ለሦስት ቀን ያህል በከተማዋ ሕዝብ ላይ ጭፍጨፋ ተፈጸመ። ቤት ከነሰዉ ተቃጠለ። የይቅርታን ቃል በዚህ ገጽ ራስ ላይ ብናስቀምጥ አንባቢው የሆነውን ሳያውቅ ይቅር እንዲል እየጠየቅነው ነው። ኀዘኑ ሳይነገር ማጽናናት ይቀድማል። ቃሉ ያው ነው፣ ተናጋሪውም ያው ነው፣ ሁለቱ አደባባዮችም በእግር የሚያደርሱ ናቸው፤ አንዱ ጋ ግን ያንጻል፣ ሌላው ጋ ቁስል ይነካል።

ታዲያ ለስድስት ኪሎ ምን ይሁን? ሦስት መንገድ ይታየኛል። አንዱ የገዳዮቹ ቃል ነው፤ ከፋሺስት ባለ ሥልጣናት ትእዛዝና ቴሌግራም መካከል አንዱን ማስቀመጥ። ይህን የሚመርጡ ሰዎች ክርክራቸው ቀላል አይደለም፤ ጨካኙ በራሱ አፍ ይመሰክርበታል ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ቃል ለገዳይ መስጠት አልቀበልም። ትእዛዙ በገጹ ውስጥ፣ ከቀኑና ከፈራሚው ጋር፣ እንደ ማስረጃ ይቁም። ሁለተኛው በቁጥር የሚጀምር ጥቅስ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎ ነበር፤ ከዚያ ዝቅ የሚያደርጉት ተመራማሪዎችም አሉ። አከራካሪ ቁጥር በራስጌ ጥቅስ ውስጥ ከገባ ገጹ ከሰማዕታቱ ይልቅ ስለ ቁጥሩ ክርክር ይሆናል፤ የውይይት ገጹም በዚያው ይሞላል። ሦስተኛውና የምመርጠው በቦታው የነበረ ሰው ያየውን የተናገረበት ቃል ነው። ከጭፍጨፋው የተረፉ ኢትዮጵያውያን ትዝታቸውን ትተዋል፤ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ የነበረው ሃንጋሪያዊው ሐኪም ላዲስላስ ሳቫም ያየውን ጽፏል። ከሁለቱ ወገን እኩል ጥሩ ዓረፍተ ነገር ቢገኝ የተረፈው ኢትዮጵያዊ ይቅደም፤ ሐኪሙ በገጹ ውስጥ ይከተል። የምስክርነት ዓረፍተ ነገር ሲመረጥ ደግሞ እጅግ ዘግናኙን መፈለግ አይገባም። ያየውን በቀላል ቃል የተናገረ ሰው ይበቃል።

ደራሲ የጻፈውን ባለታሪኩ እንደተናገረው አድርጎ መውሰድ

ከማዘጋጃ ቤቱ በታች የቆመው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት የሌላ ዓይነት ወጥመድ አለው። አቡኑ ለወራሪው አንገዛም በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተገድለዋል። ሐውልታቸው በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መስመር ሥራ ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል። ስለ እርሳቸው ሲነሳ ብዙ ሰው በልቡ የሚሰማው ድምፅ የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ነው። ግጥሙ በጣም ከመታወቁ የተነሣ በንግግርም በጽሑፍም ከሥሩ «አቡነ ጴጥሮስ» ተብሎ ሲጠቀስ አያለሁ።

ይህ ሁለቱንም ይጎዳል። ደራሲው የፈጠረው ቃል ከእጁ ይወሰዳል፤ አቡኑም በሞት ፊት ያልተናገሩት ይነገርባቸዋል። ለሐውልቱ ገጽ የምመርጠው በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ከጻፉት ውስጥ አቡኑ ሕዝቡም ምድሪቱም ለጠላት እንዳይገዙ ስለማውገዛቸው የሚናገረውን ነው፤ «እገሌ እንደጻፈው» ተብሎ፣ በተዘዋዋሪ አነጋገር። የሰማዕት የመጨረሻ ቃል በብዙ አፍ አልፎ ስለሚደርሰን በቀጥታ ጥቅስ ምልክት ውስጥ ማስገባት ከምንችለው በላይ እርግጠኛ መሆን ነው። የጸጋዬ ሥራ ደግሞ ስለ ሥራው በተጻፈ ገጽ ላይ፣ በደራሲው ስም ይከበር።

የደራሲ ቃል በአጠቃላይ ለሰፈር ገጾች ይጠቅማል፤ ፒያሳን ወይም ለገሃርን ከልብ ወለድ በተሻለ የሚያሳይ ሰነድ አንዳንዴ አይገኝም። ነገር ግን ገጸ ባሕርይው የተናገረውን ደራሲው እንዳመነበት አታቅርቡ፤ ከስሙ በፊት ማን በየትኛው ሥራ ውስጥ እንደሚናገር ግለጹ።

የአፍሪካ አዳራሽ

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ፣ አንዱን ዘር የበላይ ሌላውን የበታች የሚያደርግ ፍልስፍና እስኪወገድ ድረስ ሰላም እንደማይኖር የተናገሩት ቃል በዓለም የታወቀ ነው። ቦብ ማርሊ በዘፈኑ ስለወሰደው የዘፋኙ የሚመስላቸውም አሉ። በዚህ ዝና የተነሣ ቃሉ በአፍሪካ አዳራሽ ገጽ ላይ ሲቀመጥ ያለ ቦታው ይገኛል። ንግግሩ የተደረገው በኒውዮርክ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 1963፣ በእኛ መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በአዲስ አበባ ከተፈረመ ከወራት በኋላ መሆኑ ነው። አዳራሹ ውስጥ አልተነገረም፤ ስለ አዳራሹም አይደለም።

ድርጅቱ በአዳራሹ በተመሠረተበት በግንቦት 1955 ዓ.ም. ጉባኤ ላይ ግን ሁለት እጩዎች አሉ። ንጉሠ ነገሥቱ የአንድነቱ ቃል ኪዳን ሺህ ዓመት እንዲዘልቅ ተመኝተዋል። የጋናው ክዋሜ ንክሩማህ ቻርተሩ ከመፈረሙ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ግንቦት 16፣ «አሁን መዋሐድ አለብን፤ አለዚያ እንጠፋለን» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ተናግረዋል። የመጀመሪያው የአስተናጋጁ ምርቃት ነው፤ ታላቅ ነው፣ የዕለቱንም ደስታ ይይዛል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ለአፍሪካ ኅብረት ቦታውን መልቀቁን የሚያውቅ አንባቢ ግን በዚያ ሺህ ዓመት ላይ ቆም ይላል፤ ጥቅሱ ካልታሰበበት ገጹን በኀዘን ይከፍታል። የንክሩማህ ቃል በአዳራሹ ውስጥ የነበረውን ክርክር ያመጣል። እርሳቸው የአህጉር መንግሥት ይፈልጉ ነበር፤ የተፈረመው ቻርተር ግን አገሮቹ ሉዓላዊነታቸውን እንደያዙ የሚተባበሩበት ነበር። ስለዚህ ለድርጅቱ ምሥረታ ገጽ ንክሩማህን እመርጣለሁ። አንባቢው አስቸኳዩን ጥሪ ሰምቶ ወደ ገጹ ሲገባ የተገኘው ለምን ከዚያ እንዳነሰ ይጠይቃል።

ለሕንፃው ገጽ ደግሞ ሁለቱም አይሆኑም። በአርቱሮ መዜዲሚ ንድፍ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀ፣ የአፈወርቅ ተክሌ ግዙፍ የመስታወት ሥዕል ያለበት ሕንፃ ነው። ስለ ብርሃኑ፣ ስለ መስታወቱ ወይም ስለ ግንባታው ከአርክቴክቱ ወይም ከሠዓሊው የተገኘ አንድ ዓረፍተ ነገር ከመሪዎች ንግግር ሁሉ ይሻላል። ቦታንና በቦታው የሆነውን መለየት የመሀል ከተማ ጸሐፊ ዋና ሥራ ነው።

መፈክርና መዝሙር

መፈክር ብዙ ጊዜ ይናቃል፤ እኔ ግን በቦታው ሲሆን እወደዋለሁ። አጭር ነው፣ ዘመኑ ይታወቃል፣ ባለቤቱ ሕዝብ ነው። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡበት ታሪክ ስለ ተማሪዎች ንቅናቄ በሚጻፍ ገጽ ላይ በሁለት ቃል ይከፈታል፤ የገጠር መሬትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ እስከታወጀበት እስከ 1967 ዓ.ም. ያለው አሥር ዓመትም ከሥሩ ይተረካል። የመንግሥት መፈክር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስለ ትግላችን ሐውልት በሚጻፍ ገጽ ላይ «ኢትዮጵያ ትቅደም» ብቻውን ቢቆም የደርግ ቅስቀሳ እንጂ ታሪክ አይመስልም። ከሥሩ የማን መፈክር እንደነበረና ዘመኑ ይጻፍ።

«ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር» የሚለውን የመዝሙር ቃል ለቤተ ክርስቲያን ገጾች ሁሉ ማዋል ልማድ ሆኗል። ቃሉ ታላቅ ነው፤ ለቅዱስ ጊዮርጊስም፣ ለቅድስት ሥላሴም፣ ለበዓታም እኩል ስለሚሆን ግን አንዱን ከሌላው አይለይም። መጠቀም ካለባችሁ በግእዙ መዝሙር 67 በሌሎች ትርጉሞች 68 መሆኑን አስታውሱ፤ አንባቢ ፈልጎ እንዳያጣው።

የቃሉ አጻጻፍ፣ ቀኑና ሕጉ

የድሮ ጽሑፍ ስትጠቅሱ ሆሄያቱን አታስተካክሉ። በጋዜጣው «ሐገር» ካለ «ሐገር» ይሁን። በ«ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፣ በ«ሰ» እና «ሠ»፣ በ«ጸ» እና «ፀ» ልዩነት ምክንያት ጥቅሱን በመፈለጊያ የሚፈልግ ሰው እንዳያጣው የተለመደውን አጻጻፍ በገጹ ጽሑፍ ውስጥ መድገም በቂ ነው። የተናጋሪውን ስም፣ የተነገረበትን ቦታና ቀን ከሥሩ ጻፉ፤ በቀኑ ላይ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መኖሩን ሳታረጋግጡ ገጹን አታስቀምጡ። የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት በዚህች ከተማ ታሪክ ውስጥ ወረራን ከነፃነት በኋላ ያስቀምጣል።

በአማርኛ የተነገረን ቃል ከእንግሊዝኛ መልሶ መተርጎም ብዙ ጥፋት ያስከትላል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1936 በጄኔቫ፣ በ1963ም በኒውዮርክ የተናገሩት በአማርኛ ነበር። ዛሬ በድረ ገጽ ላይ የሚገኘው አብዛኛው የእንግሊዝኛ ትርጉም ስለሆነ ጸሐፊዎች ከዚያ ይመልሱታል፤ ውጤቱም ንጉሡ በአፋቸው ያልወጣ አማርኛ ነው። የአማርኛው ሰነድ እስኪገኝ ድረስ በተዘዋዋሪ መናገር ይሻላል። ከላይ ስለ እርሳቸው ንግግር በጻፍኩበት ሁሉ የጥቅስ ምልክት ያልተጠቀምኩትም ለዚህ ነው። በእንግሊዝኛ የተነገረን፣ እንደ ንክሩማህ ያለውን፣ ስትተረጉሙ ደግሞ ትርጉም መሆኑን ግለጹ።

ሕጉን በተመለከተ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን ሥራ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ምንጭና የደራሲ ስም ተጠቅሶ ተገቢ በሆነ መጠን መጥቀስን ይፈቅዳል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ያረፈው በ1998 ዓ.ም. ስለሆነ ሥራዎቹ ገና ለረጅም ጊዜ የተጠበቁ ናቸው። ዊኪው ሌላ ሰው ወስዶ እንዲያሳትመው በሚፈቅድ ነፃ ፈቃድ የሚታተም ከሆነ ደግሞ ሙሉ ግጥም ወይም የዘፈን አዝማች በራስጌ አታስቀምጡ፤ ያልተሰጠንን መብት ለሌላ መስጠት አንችልም። ሁለት ስንኝ ይበቃል፤ በሕይወት ካለ ደራሲውን መጠየቅም ነውር አይደለም።

የሰፈር ሽማግሌን ወይም ነባር ነጋዴን አነጋግራችሁ ያገኛችሁት ቃል ውድ ነው። ለመክፈቻ ግን አይመችም፤ ሌላው አራሚ ሊያረጋግጠው አይችልም፤ ተናጋሪውም ስሙ በገጽ ራስ ላይ ለዘለዓለም መኖሩን ላያስበው ይችላል። በፈቃዱ ቅዱት፣ በአካባቢው ታሪክ ክፍል ውስጥ አስገቡት።

ሁለት ጸሐፊዎች በሁለት ጥቅስ ላይ ሲለያዩ ሁለቱንም መደርደር ሰላም ይመስላል፤ ነገር ግን አንባቢው ሁለቱንም ዘሎ ወደ ጽሑፉ ይሄዳል። አንዱ ብቻ ይቁም። በውይይት ገጹ ላይ እያንዳንዱ የጥቅሱን ምንጭ፣ ከገጹ የትኛው ክፍል እንደሚያብራራውና ማንን ሊያስከፋ እንደሚችል ይጻፍ፤ ሌሎች ጸሐፊዎች አይተው አስተያየት እስኪሰጡ አንድ ሳምንት ይጠበቅ። ምንጩን ማሳየት ያልቻለው ጥቅስ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከዚያ በፊት ይነሣል። ከሁለቱ አንዱም ካላሸነፈ ቦታው ባዶ ይሁን፤ የተሸነፈው ጥቅስም በገጹ ውስጥ ተገቢው ክፍል ከተገኘለት እዚያ ይግባ።